«መኪና ሊፈጀን ነው!» ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል? ከአንድ ቀበሌ የመንገድ ደህንነት ኮሚቴ ጸሐፊ

ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። ከመርካቶ ዘይት፣ ጨውና ቆርቆሮ ጭኜ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያልኩ ባሕር ዳር እገባለሁ፤ ስመለስ በቆሎና በርበሬ እጭናለሁ። አሁን የምኖርባትን ትንሽ ከተማ ያኔ የማውቃት በፊት መስታወት ብቻ ነበር። ቁልቁለት፣ ባሕር ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ አበቃ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ አድርጌ እወርድ ስለነበር ከተማዋ መጀመሯን ሳላስተውል ታልቅብኝ ነበር። ዛሬ በዚያው አስፋልት ዳር እህል እነግዳለሁ፤ የቀበሌያችን የመንገድ ደህንነት ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። የእድራችን ዳኛ ይህ ነገር ባሰቡት ቁጥር ያስቃቸዋል። «የበተንከውን ልቀም» ይሉኛል።

ሰሞኑን ከጎረቤት ወረዳዎች ኮሚቴ ያቋቋሙ ሰዎች እየመጡ «እናንተ የሕዝቡን ቅሬታ እንዴት ነው የምትይዙት?» ይሉኛል። ለመጣው ሁሉ ቡና እያፈላሁ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከዚህ በታች የምናገረው የራሳችን ጥፋት ብዙ ነውና።

ስለ አባላቱ ብዙ አልልም። ሰባት ሰው ይበቃል፦ የትራፊክ ፖሊሱ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር፣ ከጤና ጣቢያው አንድ፣ ከባጃጅ ማኅበሩ አንድ፣ ከእድር አንድ፣ ከቀበሌው አንድ። ሰባተኛዋ መንገድ ዳር የምትውል ሴት ትሁን። የእኛዋ ቆሎና የተጠበሰ በቆሎ ትሸጣለች። እኛ ስለ መንገዱ ስንሰበሰብ እሷ መንገዱን ስታይ ስለምትውል ከስድስታችን ድምር የበለጠ ታውቃለች። የባጃጁን ተወካይም እንዳትተዉት። ሰው ሁሉ የሚያማው ባጃጁን ስለሆነ፣ ተከሳሹ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲሰማ ሐሜቱም ያጥራል፣ ክርክሩም ያልቃል። እንዲሁ «የኮሚቴ አባል ነኝ» ለማለት የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ስብሰባውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ራሱ ይቀራል።

በኛ አገር የመንገድ ደህንነት ስብሰባ ሁሉ «ሳይቃጠል በቅጠል» ተብሎ ይከፈታል። ቅጠሉን ማን እንደሚያመጣና ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ግን ሳይነገር ይዘጋል። እኛም አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ከፍተን እንዲህ ዘግተናል።

መላ ያገኘነው ደብተር የገዛን ዕለት ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ ተራ ደብተር። ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ኧረ መኪና ሊፈጀን ነው!» እውነቱን ነው። ይህን ይዞ ግን የትኛውም ቢሮ ቢገባ የሚያገኘው ጸጸትና ሻይ ነው። ስለዚህ ሰውየው ወይም ሴትየዋ እንዲቀመጡ አድርገን አራት ነገር እንጠይቃለን። የት ነው? «እታች» አይበቃም፤ «ከወፍጮ ቤቱ በር ፊት ለፊት» እስኪባል ድረስ እንጠይቃለን። በስንት ሰዓት ነው? ምን ዓይነት መኪና ነው? ማን ሲሻገር ነው? ከዚያ ስምና ስልክ። ስልኩን የምንይዘው መልስ ስለምንመልስበት ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንዳንዱ ሰው አራቱን ጥያቄ ሲሰማ ይቆጣል። «ታዲያ እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ?» ያሉኝ ሽማግሌ አሉ። አትከራከሩ፤ «አባባ፣ ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እንየው» በሉ። የኮሚቴው ሥራ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ቅሬታው በተነሣበት ቦታ፣ በተባለው ሰዓት፣ ከባለቤቱ ጋር መቆም። ከሰዓት በኋላ ሲመቻችሁ ብትሄዱ የምታዩት ባዶ አስፋልትና የተኛ ውሻ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። በኅዳር ወር አንዲት እናት መጣች። የልጇን ክንድ የመኪና መስታወት ልጦታል። «እነዚህ ሲኖ ትራኮች እየበረሩ ነው የሚያልፉት፤ ሹፌሮቹን እሰሩልን» አለች። አራቱን ጠየቅናት፦ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ገደማ፣ ሲኖ ትራክ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ። በማግስቱ እኔ፣ የትራፊክ ፖሊሱና የቆሎ ነጋዴዋ ከእናትየዋ ጋር ሄደን ቆምን። ሃያ ደቂቃ ያህል የተለየ ነገር አላየሁም። ሲኖዎቹ ያን ያህል አይበሩም ነበር፤ ቁልቁለቱን ጨርሰው ስለሚመጡ ፍሬን ይዘዋል። ነጋዴዋ እጄን ጎተት አድርጋ «እስቲ ቁጭ በል» አለችኝ። መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ። ያኔ ገባኝ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቁርስ ቤት አለ፤ ፍርፍር ለመብላት የሚቆሙ ሁለት ተሳቢዎች የአስፋልቱን ዳር በሁለቱም በኩል ይዘውታል። ልጆቹ የሚሻገሩት በተሳቢዎቹ መሐል ሾልከው ነው። በሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ሆኖ ላየው ሰው የሚታየው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማ፣ ጭቃ፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት። የሚመጣውን መኪና ልጁ አያይም፤ ሹፌሩም ልጁን የሚያየው አስፋልቱ መሐል ብቅ ሲል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቁርስ ለመብላት መኪናዬን እንደዚያ አቁሜ አውቃለሁ። በማንም ቁመት ሆኜ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ቅሬታው «የሲኖ ፍጥነት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ መልሱ በሙሉ ስህተት ይሆን ነበር። መፍትሔው የፈጀው ሁለት ሳምንትና አንድ ጭነት ጠጠር ነው። ከቁርስ ቤቱ ስድሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ክረምት ስለሚጨቀይ ማንም አይቆምበትም። ጠጠር አስደፋንበት። የቁርስ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ «ገበያዬን ልትዘጉት ነው» ብሎ ሊጣላን ነበር። ሹፌር ለፍርፍር ስድሳ ሜትር ቀርቶ ስድስት መቶ ሜትር እንደሚሄድ ከእኔ በላይ ምስክር ስለሌለ አሳመንኩት። አሁን ራሱ ነው ልጅ ልኮ «ወደ ላይ አቁሙ» የሚያሰኘው። ደብዳቤ አልተጻፈም፤ ማንም አልታሰረም።

ሁሉም እንዲህ ቀላል አይደለም። ፍጥነት ራሱ ችግር የሆነበት ቦታ አለ፤ ያኔ መለካት ያስፈልጋል። ራዳር የለንም፤ ሜትር፣ ኖራና ስልክ አለን። እንዲህ አድርጉ፦ የአስፋልቱን ዳር ተከትላችሁ ሃምሳ ሜትር በትክክል ለኩ። የአናጢ ሜትር አጭር ስለሆነ ልኩን በገመድ አውጥታችሁ ገመዱን ዘርጉ። በሁለቱም ጫፍ ዳሩ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። አንዱ መጀመሪያው ምልክት ጋ ሆኖ የመኪናው የፊት ጎማ ሲደርስ እጁን ያወርዳል፤ ሌላው መጨረሻው ጋ ሆኖ የስልኩን ሰዓት ያስነሣል፤ ጎማው ሲደርስለት ያቆማል። ከዚያ 180ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። ሦስት ሰከንድ ከፈጀበት 60፣ አራት ከሆነ 45፣ ስድስት ከሆነ 30። ሁለት ሰከንድ ተኩል ከሆነ 72 ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት ደጃፍ አይተናል። በዓይን ጥቅሻ የሚያጋጥም ስህተት ስላለ አንድ መኪና ለክታችሁ አትሩጡ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለፈውን ሁሉ ለኩ፣ በሌላ ቀንም ድገሙት። መንገዱ ዝግ በነበረባቸው ሳምንታት ማግስት አትለኩ፤ ያኔ ሁሉም የተራበ ነው፣ ልኩን አታገኙትም።

አንድ የሹፌር ምስጢር ልንገራችሁ። ሰው መንገድ ዳር ስልክ ይዞ ቆሞ ያየ ሹፌር ከፊት ለሚመጣው መብራት ያበራለታል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከተማው በሙሉ የታቦት ሥነ ሥርዓት ይመስላል፤ ሁሉም ቀስ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቡና እየጠጣችሁ ለኩ። የትራፊክ ፖሊሱም ያን ቀን የደንብ ልብሱን ለብሶ አይምጣ።

ቁጥሩን ለሕዝብ ስታስረዱ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብቻ አትበሉ፤ ለእግረኛ ምንም አይነግረውም። እኔ በእድር ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ይህ ነው፦ ከደጃፉ ጀምሬ አሥራ ሰባት ሜትር በእርምጃ ሄጄ ቆምኩ። «ሹፌር ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። በ60 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ከእናንተ እስከ እኔ ድረስ ይመጣል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። በ30 ቢሆን ግን የመጣው ግማሹን ብቻ ነው» አልኳቸው። የተጫነ አይሱዙ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ደግሞ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት፤ እናቶች አልቅሰው ነበር።

መለኪያው በእጃችሁ ሲገባ ጥያቄው «መንገዱ የማን ነው?» ይሆናል። ይህ ነገር አራት ወር በልቶብናል፤ እናንተን አይብላችሁ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና አስፋልት ከተማ ውስጥ ቢያልፍም የፌዴራል መንገድ ነው፤ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ወረዳ ከወረዳ የሚያገናኘው ጠጠር መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የክልሉ ነው። ሕዝቡ «ዩራፕ» የሚለው፣ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው ደግሞ ወደ ወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ያደርሳችኋል። በከተማው ውስጥ ያለው ኮብልስቶንና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። እኛ ስለ ዋናው አስፋልት የጻፍነውን የመጀመሪያ ደብዳቤ መንገዱ ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት አስገባን። እዚያም ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። «አይመለከተንም» ብሎ መመለስ ያሳፍራል መሰለኝ። አራት ወር ሙሉ ተስፋ አደረግን።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ ቦታውንና የምትፈልጉትን ነገር ጻፉ፤ «ስለ መንገድ ደህንነት» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሺህ ነው። የእኛ ሁለተኛው እንዲህ ይል ነበር፦ «ጉዳዩ፦ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የእግረኛ ማቋረጫ፣ ምልክትና የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ ስለመጠየቅ።» ከሥሩ የለካንበት ቀንና ሰዓት፣ ያለፈው መኪና ብዛት፣ ከዚያ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የሄደው ስንት እንደሆነ፣ በዚያው ሰዓት የተሻገረው ተማሪ ብዛት። የተፈቀደው ፍጥነት እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይና ደንቡም ስለሚሻሻል የወቅቱን ከትራፊክ ፖሊሳችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሁለት ፎቶግራፍ አያይዙ፤ አንዱ በሹፌር ዓይን፣ አንዱ በልጅ ቁመት። ግልባጭ ለወረዳው ፖሊስ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ለከተማው አስተዳደር። ዋናው ነገር ግን መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፋችሁ ውጡ። ያለ ገቢ ቁጥር የሄደ ደብዳቤ ባሕር ውስጥ የወደቀ ጠጠር ነው። ወር ሲሞላ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። አትቆጡ፤ ቁጥሩን ብቻ ጥሩ። በሰባተኛው ወር ሠራተኞች መጡ፤ ሁለት ጠይቀን አንድ መቀነሻ ሠሩልን፣ ዜብራውንም ቀቡ።

አሁን ወደ ጥፋታችን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ አንዲት ተማሪ ተገጭታ እግሯ ተሰበረ። ሰፈሩ ነደደ። በዚያው ሌሊት ደቦ ወጣን። ድንጋይ የሚያመጣው ድንጋይ፣ ቀይ አፈር የሚዝቀው አፈር፤ እኔ ደግሞ እንደ ባለሙያ መሐል ቆሜ «እዚህ ጨምሩ» እላለሁ። ሁለት ጉብታ ሠርተን በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረስን፤ እየተመራረቅን ተኛን። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ምልክት የለ፣ ቀለም የለ፣ ጨለማና ዝናብ ነው። መኪናው ዘለለ። የተሳፋሪው ራስ ጣሪያ መታ፤ አንዲት እናት የፊት ጥርሳቸው ወለቀ። እኒህ እናት የኛው ሰፈር ሰው ናቸው፤ ድንጋይ ሲያቀብለን ያደረው ልጅ እናት። ወደ ሆስፒታል ለቀጠሮ እየሄዱ ነበር።

ጠዋት ዶማ ይዘን ወጥተን የሠራነውን ራሳችን ናድነው። እስከዚያው ውኃው ከጉብታው ኋላ አቁሮ አስፋልቱን ማላላት ጀምሮ ነበር። በዋና መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደሚያስጠይቅ የትራፊክ ፖሊሱ ነገረን፤ አልከሰሰንም፤ ያሳየን ፊት ግን ከክስ ይከብዳል። እናትየውን እስከ ዛሬ ጥምቀት በመጣ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። ይስቁና በሻሹ አፋቸውን ይሸፍናሉ።

በሥርዓቱ የሚሠራ መቀነሻ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይቀድመዋል፤ በቀለም ይሰመራል፤ ውኃ የሚያልፍበት ይተውለታል። የተለመደው ክብ ዓይነት ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ሆኖ በመንገዱ አቅጣጫ ሦስት ሜትር ተኩል አልፎ የሚረዝም ነው። ዝቅና ረዘም ያለ ማለት ነው። እኛ የሠራነው ከጉልበት በታች የሆነ የድንጋይ ካብ ነበር። ሰው ተቆጥቶ የሚሠራው ሁሉ ርዝመቱ አጭር፣ ከፍታው ግን ትልቅ ነው።

ያለ ማንም ፈቃድ የምትችሉት ብዙ ነገር ስላለ በዚያ ቁጣችሁን አውጡ። የምልክት ሰሌዳ የሸፈነ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ባለቤቱን አስፈቅዶ መቁረጥ፣ የእግረኛውን ዳር የዘጋ አሸዋና ብሎኬት ማስነሣት፣ የባጃጅ ተራን ከመታጠፊያው አሥር ሜትር ማራቅ፣ የፍየል ተራን ከአስፋልት ዳር ወደ ገበያው ውስጥ ማስገባት፤ ይህ የመጨረሻው ሦስት ቅዳሜ ጠብ ፈጅቶብናል፤ ፍየል ነጋዴ አስፋልት ዳር የሚቆመው መኪና ያለው ገዢ እንዲያየው ነውና እውነት አለው። ለገዢው መኪና ማቆሚያ ገበያው ጓሮ ስናበጅ ተከትሎ ገባ። ተማሪ ትራፊኮችም አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ያለ አዋቂ ብቻቸውን መንገድ ዳር አታቁሟቸው፤ ልጅ ናቸው።

ቅሬታ የሚያመጣው እግረኛ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መናኸሪያ ላይ አግኝቶኝ «አመሻሽ ላይ እንጨት መስሎኝ የደረስኩበት ሰው ነበር» አለኝ። ቦታውንና ሰዓቱን ጠየቅኩት። የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። የሚማሩበት ደብር ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ሲመሽ ቁራሽ ለምነው በአስፋልቱ ዳር ይመለሳሉ፤ የለበሱት ለምድ ከጨለማው ጋር አንድ ነው። የሚሄዱትም ቀኙን ይዘው፣ ለመኪናው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

ከእድሩ ዳኛ ጋር የኔታ ዘንድ ሄድን። እጅ ነሥተን ተቀመጥንና ነገሩን አስረዳን፦ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚመጣ እግረኛ ግራውን ቢይዝ የሚመጣውን ፊት ለፊት ያየዋል። የኔታ ዝም ብለው ሰሙና «ግራ?» አሉ። «ልጄ፣ በግራ የሚቆሙት ፍየሎች እንደሆኑ አላነበብህም?» እኔም እንደ ምንም ብዬ «የኔታ፣ ቀኙን ይዘው ከሄዱ ግን ወደዚያው ፍርድ ቶሎ ይደርሳሉ» አልኩ። በረጅሙ ሳቁ፤ ለተማሪዎቹ ራሳቸው ነገሩልን። ከነጋዴዎች ነጭ አቡጀዲ ሰብስበን በየዱላቸው ጫፍ አሰሩ። የኔታ በኋላ የነገሩኝ ደግሞ አስገረመኝ፤ ልጅ ሳሉ ቀኝ ይዞ መሄድ ነው የተማሩት። ልክ ናቸው። አገራችን መኪና በቀኝ እንዲነዳ ያደረገችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት መኪናው በግራ ስለሚሄድ መኪናን ፊት ለፊት ማየት የሚፈልግ እግረኛ ቀኙን መያዝ ነበረበት። የእድሜ ባለጠጎች ቀኝ ቢይዙ «አያውቁም» አትበሉ፤ መንገዱ ነው ጎኑን የቀየረባቸው።

ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ሲሆን ቅሬታ አትጠብቁ። ጥር 10 እና 11 ታቦታቱ አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከደብሩ፣ ከመናኸሪያውና ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ተቀምጣችሁ ሰዓቱን ቁረጡ፤ መኪና ከየት ላይ እንደሚቆም፣ አምቡላንስ ቢመጣ በየት እንደሚያልፍ ተነጋገሩ። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። ለዚያ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሲነፋ ለትራፊክ ፖሊሱም እንዲደውል አድርገናል።

አደጋው ደርሶ ከሆነ ኮሚቴው የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ግን በትክክል ይደረግ። መጀመሪያ ሁለት ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ራቅ ብለው ሄደው የሚመጣውን መኪና ያስቁሙ። የተጎዳውን አንገቱን ሳታንገላቱ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። ሰሌዳ ቁጥሩን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ሹፌሩን ከድንጋይ ጠብቁት። ይህን የምለው የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ስለሆነም ነው። ነገር ግን ሕዝብ የሚደበድበው መሆኑን የሚያውቅ ሹፌር አይቆምም፤ ሳይቆም ሲቀር የተጎዳው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። «እዚህ ከተማ ብትቆም አይነኩህም» የሚል ወሬ በሹፌሮች ዘንድ ከተሰማ ብዙ ሰው ይድናል። ለቤተሰቡም ይህን ንገሩ፦ በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰውም ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ገጭቶ አምልጧል ብለው ተስፋ ቆርጠው የተቀመጡ ሁለት ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ይህን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ። የፖሊስ ማስረጃና የሕክምና ወረቀት እንዳይጠፋባቸው አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ።

ስልክ ለምን እንደምንይዝ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቅሬታ ያመጣ ሰው ሁሉ መልስ ያገኛል፤ «አይሆንም» የሚለውም መልስ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ደጃፉ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጠየቀ። ሄደን ቆምን፣ ለካን። መኪናው እዚያ ጋ ቀድሞውንም ዳገት ላይ ነው፤ የሚሻገርም የለም። የፈለገው መኪና ደጁ ላይ ቀስ ሲል የሆቴሉን ስም እንዲያነብ ነው። ደውዬ «አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ይህ ነው» አልኩት። ለአንድ ወር ሰላም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት እውነተኛ ቅሬታ አምጥቷል። ሰው የሚርቃችሁ እምቢ ስትሉት ሳይሆን ዝም ስትሉት ነው፤ በየሦስት ወሩ ደብተሩን በእድር ስብሰባ ላይ ከዳር እስከ ዳር አነብበዋለሁ፤ ያለቀውን፣ ያላለቀውን፣ የተረሳውን። የተረሳውን ሳነብ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ነው ታዲያ ከኋላ «አልተሰማም!» የሚሉኝ።

አሁን ደብተሩ ላይ ያለው የመጨረሻው ተራ ቁጥር 63 ነው። ያስመዘገበችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥያቄዎቹን እስክጠይቃት አልጠበቀችም፤ በወረቀት ጽፋ ነው የመጣችው። ከከተማው መውጫ ያለው ድልድይ የእግረኛ መሄጃ የለውም። ከአሥር ሰዓት ከአርባ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለት ትልልቅ መኪና ድልድዩ ላይ ከተገናኘ ልጆቹ የድልድዩን ሐዲድ፣ ማለት የዳሩን የብረት ድጋፍ፣ ይዘው ይጠጋሉ። «ሐዲዱ በሦስት ቦታ የለም» ብላ ከሥሩ አስምራበታለች።

ሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነን። ገመዱን እኔ እይዛለሁ። የቆሎ ነጋዴዋ ጃንጥላ አትርሱ ብላለች፤ የዳመናውን አቅጣጫ አይታ ነው።